ሹም ይመዘግባል፤ ፍየል ታወራርዳለች
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የተደረገ ንግግር)



ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የነገሩም ሥር፣ የውሃውም ምንጭ ከጉና ተራራ ይጀምራል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከቆመው ከዚህ ተራራ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በምሥራቁ በኩል የሚፈሰው ደግሞ በበሸሎ በኩል አድርጎ ዓባይ ይገባል። ከውሃው ጋር አፈሩም አብሮ ይጓዛል። የስማዳ አፈር ፓስፖርት ሳያወጣ፣ ቪዛ ሳያስመታ ሱዳን እየገባ የሮሰሬስን ግድብ ሲሞላ ኖሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይህን ስደተኛ ጉባ ላይ ያስቆመዋል። «የአገር አፈር በአገር ቀረ» ብሎ ደስ የሚለው ሰው ቢኖር ግን፣ አፈሩ የሚተኛው ለውሃ በተነጠፈው አልጋ ላይ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

በዚህ ጉዳይ የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ የሚከፈተው በአንድ ዓይነት ጸሎት ነው። ይኸውም «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው ነው። ጸሎቱ መደገም ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መቶው ዓመት ግን ከመቶ ፈቀቅ አላለም። ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ምሁር የአኃዙን መነሻ መርምረው አስተማማኝ መሠረት አላገኙለትም። ሹማምንት ግን ይወዱታል፤ ጥፋቱን ሁሉ በሙታን ላይ ይደፋልና።

የጋይንት ምድር እጁን ለሥራ የሚዘረጋ መሪ አላየም አይባልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ በጨጨሆ አልፈዋል፤ ድንጋዩንም በገዛ እጃቸው ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ፎቶግራፍ አንሺ ስላልተጠራ ድንጋዩ በእውነት ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ከመንገዱ ይልቅ ዳገቱን ወደዱት። በደርግ ዘመን፣ በተለይም ከ1977ቱ ረኀብ በኋላ፣ ለሥራ በሚከፈል እህል እርከን ተሠራ፣ ተራራ ተከለለ፣ ችግኝ ተተከለ። ዛፉም «የሕዝብ» ተባለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ፣ በአያሌ የአገሪቱ ክፍሎች ሕዝቡ «የሕዝብ» የተባለውን ዛፍ ቆርጦ ወደ ቤቱ ወሰደው። ሰነዱን በቀጥታ ለሚያነብ ሰው ይህ ዝርፊያ ሳይሆን ርክክብ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት መጣ፤ በእነዚሁ ወረዳዎችም እርከኑ እንደ ገና ተጀመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነገረ። ለመትከሉ ሲባል ቢሮ የዘጉ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ ለመኮትኮቱ ሲባል ቢሮ የዘጋ መሥሪያ ቤት ግን አልተሰማም።

የተከላ ሒሳብ የራሱ ሥርዓት አለው። ቀበሌ የተቆፈረውን ጉድጓድ ይቆጥራል፤ ወረዳ ጉድጓዱን ችግኝ ይለዋል፤ ዞን ችግኙን ዛፍ ያደርገዋል፤ ክልል ዛፉን ደን ብሎ ያስተላልፈዋል። አፈሩ ከዳገቱ ወደ ታች ሲወርድ ቁጥሩ ከዳገቱ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ መካከል የማትዋሽ አንዲት ኦዲተር ብቻ ትገኛለች፤ እርስዋም ፍየል ናት። ሹሙ በክረምት የመዘገበውን እርስዋ በበጋ ታወራርደዋለች፤ አበልም አትጠይቅም።

ፍየልን ያሸነፈ ሰው የለም እንዳይባል ግን፣ በደቡብ ጎንደር በየደብሩ ዙሪያ የቆመው ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ምስክር ነው። ያንን ደን ያስጠበቀው መመሪያ ሳይሆን ግዝት ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ለመዛወር የማይመለከተው ታቦት ነው። ይሁን እንጂ ግዝቱ እንኳ ብቻውን አይበቃም። «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው አንባቢ ሁሉ የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ ከብት እንዳይገባ በታጠረው ቦታ ቡቃያው ሲተካ፣ ባልታጠረው ግን ሲመናመን ታይቷል። በአንዳንድ አድባራትም ከእርሻው የተለቀመ ድንጋይ ካብ ሆኖ ደኑን ከብቦታል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም የሚለው ተረት በሳይንስ የተረጋገጠው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ይህ ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ እህል ያቀጭጫል እየተባለ በባለሙያ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ከንቱ አይደለም። ገበሬው ግን ያለ ዘመቻ፣ ያለ መፈክር ይተክለዋል፤ ፍየሉንም ራሱ ይከለክልለታል። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም፤ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚሸጠው ያውቃል። በተራራው ላይ የሚተከለውን ወይራ ግን ማን እንደሚወርሰው የነገረው የለም።

እንግዲህ ጉድለቱ የችግኝ ሳይሆን የባለቤት ነው። የጉና ጅብራና አስታ ለገብስ እርሻ ቦታ እየለቀቁ የሚሄዱት፣ የነፋስ መውጫ ገበሬ ዛፍ ስለሚጠላ አይደለም፤ ነገ የእርሱ ስለ መሆኑ እርግጠኛ የሆነበት ነገር ዘንድሮ የዘራው ገብስ ብቻ ስለ ሆነ ነው። መድኃኒቱም ውድ አይደለም። ዳገቱ ከሥሩ ለሚኖሩት መንደሮች በስማቸው ይሰጥ፤ ሣሩን አጭደው፣ ዛፉን በተራ ቆርጠው እንዲጠቀሙ በጽሑፍ ይታወቅላቸው። ሹሙም የሚሾመውና የሚሻረው በተከለው ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት፣ ቆሞ በተገኘው ልክ ይሁን። ያን ጊዜ አጥር የሚመርቅ ባለሥልጣን ይታይ ይሆናል።

የመጨረሻው ቃል የሚመለከተው ይህንኑ አዳራሽ ነው። ጉድጓዱን ደን የሚያደርገው ሪፖርት ከሰማይ አይወርድም፤ ባለሙያ ያዘጋጀዋል፣ ባለሙያ ይፈርምበታል። ሹም ቁጥር ሲጠይቅ የሞተውንም ከቆመው ጎን ጽፎ የሚያቀርብ ባለሙያ በየወረዳው አንድ አንድ ቢገኝ፣ የሒሳቡን ሥራ ለፍየል ብቻ መተው ይቀራል።