ጠባይና ሱስ፦ ፍርዱን ትቶ መከላከሉን መጀመር
በዩለስ፣ ቴክሳስ፣ ለወላጆችና ለትምህርት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር



በአማርኛ «ዓመል» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል፦ ሰው አብሮት ያደገውን ጠባይና ኋላ የለመደውን ልማድ። «ዓመል ያወጣል ከመሃል» ሲባል ሁለቱ ሳይለዩ ፍርድ ይሰጣል። ወጣት በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ሲያዝም በብዙ ቤት የሚሰማው «ድሮም ዓመሉ ነው» የሚለው ቃል ነው። ከዚያ የሚከተለው ዝምታ ነው፤ ዝምታውም ሕይወት ያስከፍላል።

አደጋው ሩቅ አይደለም። ከዩለስ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል በምትርቀው ካሮልተን፣ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በ2023 መጀመሪያ ባቀረበው ክስ፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ዘጠኝ ልጆች በጥቂት ወራት ውስጥ ፈንታኒል በተቀላቀለበት ሐሰተኛ ክኒን ራሳቸውን ስተው መገኘታቸውን፣ ሦስቱም መሞታቸውን ገልጿል። ሁለት ሚሊግራም ፈንታኒል ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ችኩል ውሳኔ ሱስ እስኪሆን ጊዜ ላይሰጥ ይችላል።

ጠባይ ከሱስ ጋር ግንኙነት አለውን? አዎን፣ አለው። በ2010 የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ ከሱስ ጋር የተያያዙ ሁለት ባሕርያትን አጉልቶ አሳይቷል፦ ራስን የመግዛት ድክመትና በቀላሉ የመረበሽ ዝንባሌ። ነገር ግን ሱሰኛ የሚሆነውን ሰው አስቀድሞ የሚለይ አንድ «ሱሰኛ ስብዕና» አልተገኘም። ደፋሩ ልጅ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ስጉው ልጅ ጠንቃቃ ሐኪም ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ሱስ ራሱ ጠባይን ይለውጣል። ወላጅ «ዓመሉ» ብሎ የሚያየው ውሸትና ቁጣ የበሽታው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ይህ ዕውቀት የሚጠቅመው ለመከላከል ሲውል ነው። በ1983 በሎስ አንጀለስ የተጀመረውና ፖሊሶች በየክፍሉ እየገቡ የሚያስተምሩበት «ዴር» የተባለው መርሐ ግብር ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ሰጠ፤ ተከታታይ ግምገማዎችም ውጤቱ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳዩ። በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኮንሮድ ያዘጋጁት «ፕሪቬንቸር» ግን ተማሪዎችን በአራት ባሕርያት ይለያል፦ ተስፋ መቁረጥ፣ የጭንቀት ስሜትን መፍራት፣ ችኩልነትና ብርቱ ስሜት ፍለጋ። ከዚያም በሁለት አጫጭር የቡድን ስብሰባዎች እያንዳንዱ የራሱን ጠባይ የሚይዝበትን ዘዴ ይማራል። ችኩሉ ቆም ብሎ ማሰብን፣ የሚጨነቀው ጭንቀቱን ያለ ክኒን ማሳለፍን ይለማመዳል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ሙከራዎች መርሐ ግብሩ መጠጥና ዕፅ መጠቀምን እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ልጆችን በጠባይ መለየት ስም ማውጣት እንዳይሆን የሚሰጉ ወላጆች ስጋታቸው ተገቢ ነው። በመሆኑም የመጠይቁ ውጤት በምስጢር ሊያዝ፣ ከቅጣት መዝገብም ሊለይ ይገባል።

በቴክሳስ በ2023 የወጣው «የተከር ሕግ» ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየዓመቱ ስለ ፈንታኒል ትምህርት እንዲሰጥ ያዛል። በሩ ተከፍቷል፤ ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ። አንደኛ፣ የኸርስት፣ ዩለስና ቤድፎርድ የትምህርት አስተዳደር ይህን ሰዓት በጠባይ ላይ ለተመሠረተ ትምህርት ይጠቀምበት። ሁለተኛ፣ ለወላጆች የሚላከው ማብራሪያ በአማርኛም ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ዕድሮች ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን ናሎክሶን የተባለ የአፍንጫ መድኃኒት በእጃቸው ያኑሩ፤ አጠቃቀሙንም ያስተምሩ።

ዓመል ከመሃል ያወጣል ከተባለ፣ የወጣውን ወደ መሃል የመመለስ ኃላፊነት የማኅበረሰቡ ነው።