ትምህርት ቤት ሲዘጋ፦ የያዝናቸው ልጆችና የወለድናቸው ልጆች

እህቶቼ፣ ባለፈው ስንገናኝ «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ምን እናድርጋቸው?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁ እኔ እንድናገር ተባልኩ። አስተማሪ አይደለሁም፤ ትምህርቴን ያቆምኩት ከአሥረኛ ክፍል ነው። ግን አል ዐዚዚያ በአንድ ቤት ሦስት ልጆች ይዤ ይህ አምስተኛ ክረምቴ ነው። ክረምት የምለው አፌ ለምዶ ነው እንጂ እዚህማ ዝናብ የት አለ? እሳት ነው።

እንደምታውቁት የዚህ አገር ትምህርት ቤት በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻ ገደማ ይዘጋና ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ይከፈታል። የእኛም ልጆች አገር ቤት የሚያርፉት በዚያው ሰሞን ነው፤ እነሱ እንዲያውም እስከ መስከረም ይቆያሉ። ስለዚህ ሁለቱም ልጆች በአንድ ጊዜ ይመጡብናል፤ አንዱ እግራችን ሥር የሚጫወተው፣ ሌላው በስልክ ውስጥ ያለው። እኔ ዛሬ የምላችሁ ለዚህኛው የምንሠራውን ለዚያኛውም ልንሠራው እንችላለን ነው፤ ደግሞም ገንዘብ አይፈልግም።

መጀመሪያ ስለ እንቅልፍ ላውራ፤ የልጆቹን ብቻ ሳይሆን የእኛን። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ ሌሊቱን ቀን ያደርጉታል። አይፓድ ይዘው እስከ ፈጅር ይቀመጣሉ፣ ከዚያ እስከ ዙህር ይተኛሉ። እኛ ግን ጠዋት ተነስተን ቤት እናጸዳለን፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ ስምንት ላይ ደግሞ «ኢንዶሚ ቀቅዪልኝ» እንባላለን። ይህ ያልደረሰባት እዚህ መካከል ያለች አይመስለኝም። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 ሰዓት አይብለጥ ይላል፤ ኢንዶሚ ያማረው ልጅ ግን ደንብ አያነብም። ቀን ላይ ሰውነቱ ያልደከመ ልጅ ማታ እንቢ ነው የሚለው። ስለዚህ ልጁን ማንቀሳቀስ ለልጁም ይጠቅማል፣ ለእኛም ጎን ማሳረፊያ ነው።

መቼ ይንቀሳቀስ? ቀትር ላይ አይሆንም። መንግሥት ራሱ በፈረንጆቹ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ድረስ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6 እስከ 9፣ ማንም ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ለግንበኛ የከበደ ፀሐይ ለልጅማ አይሞከርም። እኔ የማወጣቸው ከመግሪብ በኋላ ነው። ያኔም ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ልብስ ያጣብቃል፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት፣ ውሃ በጠርሙስ ይዘን፣ ከዚያ ወደ ሙከይፉ።

ሐውሹ ንጣፍ ስለሆነ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሠራሁላቸው። ልጅቷ ወዲያው ገባት። ከዚያ አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ገመድ ዝላይ፤ እኛ ያደግንበትን ሁሉ። ዝላዩን በአረብኛ ይቆጥራሉ፣ እኔ በአማርኛ እቆጥራለሁ፤ አሁን ትልቁ ልጅ እስከ ሃያ በአማርኛ ይቆጥራል፣ እናቱም ትስቅበታለች። ማዳምን የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በዚያች ግማሽ ሰዓት አይፓዱ እርሷ ዘንድ እንዲቀመጥ። ከልጆቹ እጅ እኔ ብነጥቅ ጠበኛዋ እኔ እሆናለሁ፤ እርሷ ስትወስደው ግን የእናት ትእዛዝ ነው። ይህን እወቁበት።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ገንዳ ያለበት ቤት የምትሠሩ፣ ወይም ቤተሰቡ ወደ ባሕር ሲሄድ የሚወስዳችሁ፣ ዋና የማትችሉ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት «እኔ ዋና አልችልም፣ ልጆቹ ውሃ ሲገቡ ዋና የሚችል ሰው አብሯቸው ይሁን» በሉ። ማፈር የለም።

ቀን ቀን ቤት ውስጥ ነን። እዚህ ላይ የጠቀመኝ ገበጣ ነው። ባለ 30 እንቁላል ካርቶን ስድስት በአምስት ነው አይደል? ሁለቱን ባለ ስድስት ረድፍ በመቀስ ትቆርጣላችሁ፤ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ሆነ ማለት ነው። በየጉድጓዱ አራት አራት ሽምብራ፣ በጠቅላላው 48። አጨዋወቱ እንደየአገሩ ይለያያል፣ የምታውቁትን ተጫወቱ፤ እኛ ጋ ግን የመጨረሻዋ ፍሬ ፍሬ ካለበት ጉድጓድ ከገባች ሁሉንም አንስቶ መቀጠል ነው፣ ባዶ ላይ ካረፈች ተራው ያልፋል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ባለበት ቤት ሽምብራውን ከእጁ አርቁ፤ ወደ አፉ ነው የሚወስደው።

ትልቁ ልጅ በሒሳብ ደካማ ነው ይሉት ነበር። ገበጣ ላይ ግን ሳይነካ በዓይኑ ይቆጥራል፤ «ከሦስተኛው ካነሳሁ ሰባተኛው ላይ አልቃለሁ፣ እዚያ አምስት ይሆናሉ፣ አምስቱ አሥራ ሁለተኛው ላይ ያደርሱኛል» ይላል። ይህ ሒሳብ ካልሆነ ሒሳብ ምንድን ነው?

ሌላው ደግሞ እነሱን አስተማሪ ማድረግ ነው። ልጅ ማስተማር ሲወድ! ወጥ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዲያስነብቡኝ ጠየቅኋቸው፦ ሐሊብ፣ ሚልሕ፣ ሱከር። ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ፣ ማንኪያ እንደ ዱላ ይዛ ፊደሉን ታሳየኛለች፣ ስሳሳት ትቆጣኛለች። ክረምቱን ሙሉ ፊደል ሳትረሳ ከረመች፤ እኔም የመድኃኒትና የማጽጃ ጠርሙስ ላይ ያለውን ማንበብ ጀመርኩ። ከመካከላችን በጠርሙስ መሳሳት ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም።

ልጆቹን ለማስጠየቅ ደብተር የግድ አይደለም። ወደ ባሕሬን የሚሄደው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ የሚነሳው ከእኛው ከአል ዐዚዚያ ነው፤ በፈረንጆቹ በ1986 ነው የተከፈተው፣ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ነው። «በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ብንራመድ መቼ እንደርሳለን?» አልኩት። «አምስት ሰዓት» አለና ትንሽ ቆይቶ «ግን በዚህ ፀሐይ አንደርስም» አለኝ። ቤተሰቡ መውጣት የሚወድ ከሆነም ዳህራን ያለው ኢስራ የልጆች ሙዚየምና ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ውስጡም ቀዝቃዛ ነው። ማዳም ወደ ሞል ልትሄድ ስትል ማስታወስ አይከፋም።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልምጣ። የእኔ ልጅ ሐይቅ ከእናቴ ጋር ናት፤ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ትገባለች። እስኪ እውነቱን እንነጋገር፤ ስንደውል ምንድን ነው የምንላቸው? «በላሽ? ደህና ነሽ? አያትሽን ታዘዢ።» እሷም «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ትላለች፣ ካርዱም ያልቃል። ለማዳም ልጆች ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ስጠይቅ ውዬ ለራሴ ልጅ እሺ የሚያስብል ነገር ብቻ መናገር ሆዴን በላው። ስለዚህ እሷንም ገበጣ አስጀመርኳት፤ በኢሞ።

እንዲህ ነው። እሷ ካርቶን ላይ አሥራ ሁለት ክብ ሠራች፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ሰጠቻቸው። እኔም እዚህ እንደዚያው። በቀን አንድ አንድ ጨዋታ በድምፅ እንላላካለን። «እማዬ፣ ከአራተኛው አነሳሁ፣ ዘጠነኛው ላይ አረፍኩ» ትላለች። እኔ ሌሊት ሥራ ስጨርስ አልጋዬ ላይ ሆኜ የእሷን በካርቶኔ ላይ እሠራለሁ፣ ከዚያ የእኔን እልካለሁ። የተበላውንም ጨምሮ ድምሩ 48 ካልመጣ አንዳችን ተሳስተናል፣ እንደገና ነው። ሽምብራውን እናቴ ለሽሮ ፈልጋ ወሰደችባትና አሁን በጠጠር ነው የምትጫወተው። ስልኩ የአክስቷ ስለሆነ መልእክቴን ለመስማት በየቀኑ በጭቃው እዚያ ድረስ ትሄዳለች። ጠዋት ተነስታ «እማዬ ምን አለች?» ነው አሉ የምትለው።

የድልድዩንም ጥያቄ ለእሷ አዞርኩት፤ ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስንት ሰዓት ይፈጃል አልኳት። «ስድስት ሰዓት፤ አያቴ ግን በአራት ትገባለች» አለችኝ።

ሌላው፣ በሳምንት አንድ ገጽ ትጽፋለች። ርእሱ አያቷ የነገረቻት ነው። እናቴ ፊደል አታውቅም፤ ግን 77ን ታውቃለች፣ በዚያ ድርቅ ማን ወዴት እንደ ተሰደደ፣ ማን እንደ ቀረ ታውቃለች። እኔ ልጅ ሳለሁ ጠይቄያት የማላውቀውን ልጄ ጽፋ በፎቶ ላከችልኝ። ሐይቅን በሃሌታው ሀ ጽፋው ነበር፣ በሐመሩ ነው ብዬ መለስኩላት። በሚቀጥለው ሳምንት ገጹን ሁሉ በሐመሩ ሐ ሞልታ መጣች፤ «ሀገር» እንኳ አልቀረላትም።

አባባ ተስፋዬን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው ስንት ዓመት በቴሌቪዥን ተረት ነግረውናል። ተረቱን ጨርሰው ዝም አይሉም ነበር፣ ልጆቹን ምን ተማራችሁ ብለው ይጠይቁ ነበር። ዛሬም ለትንንሾቹ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለ፣ ቀጭኔዋ አሻንጉሊት፤ ኢንተርኔት ያለበት ዘመድ ካላችሁ እንዲያሳያቸው ንገሩ። ግን ካዩ በኋላ ስለ ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂ ከሌለ አይቶ ይረሳል።

ስለ ገንዘብ ደግሞ፣ በክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት አለ ካሏችሁና አቅሙ ካላችሁ ክፈሉ፣ ጥሩ ነው። «ስማርት ስልክ ላኪልኝ» ለሚለው ግን እኔ ሐሳቤን ልናገር፦ መጀመሪያ አንድ ደርዘን ደብተርና እስክርቢቶ፣ ስልኩ ይቆይ። አትስማሙ ይሆናል፤ ከሻይ በኋላ እንከራከር። የወንድ ልጅ እናቶች ደግሞ ከአሁኑ ንገሯቸው፤ ለእንቁጣጣሽ የሚያዞሩትን ሥዕል ከነሐሴ ጀምረው ይሣሉ። ዋዜማ ላይ ሲጣደፉ አንድ አበባ ሺህ ጊዜ ነው የሚገለብጡት።

«አንቺዬ፣ ደክሞኝ ስገባ ይህን ሁሉ መቼ አደርጋለሁ?» የምትል አለች፣ አውቃለሁ፤ አሁንም እያየችኝ ነው። ሁሉንም አታድርጊ። ቀኑን ሙሉ ጽዳትና ወጥ ቤት ኖሮብሽ የልጆች ትምህርትም በአንቺ ላይ ከተጫነ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ለማዳም በደህና ቀን ቁጭ ብሎ መንገር ያስፈልጋል። እኔ የምልሽ ለእዚያ ቤት ልጆች ግማሽ ሰዓት፣ ለልጅሽ ደግሞ በቀን አንዲት የድምፅ መልእክት ነው። ገበጣ የማትችል እንቆቅልሽ ትላክ፤ ዛሬ ጠይቂው፣ መልሱን ነገ አምጣ በይው። ሌሊቱን ሲያስብ ያድራል።

የእንቁላል ካርቶን አምጥቻለሁ፤ ማዳም ልትጥለው ስትል ሰብስቤ ያስቀመጥኩት ነው። አራት ስለሆነ፣ ከአንዱ ሁለት ሁለት ስለሚወጣ ለስምንታችሁ ይበቃል። ሽምብራ ከየቤታችሁ። መቀስ የያዘች አለች?