የድላችንን ሥዕል እናንብብ
(በሐዋሳ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



እስቲ ከሩቅ አገር ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1667 የኔዘርላንድ መርከቦች የእንግሊዝን ሜድዌይ ወንዝ ሰብረው ገቡ። የቆሙ የጦር መርከቦችን አቃጠሉ፤ «ሮያል ቻርልስ» የተባለችውን ደግሞ ጎትተው አገራቸው ወሰዷት። ከዚያስ? ሮሜይን ደ ሆህን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች ድሉን መዳብ ላይ ቀርጸው ወረቀት ላይ አተሙት። ከአንድ መዳብ ብዙ ቅጂ ይወጣል። ስለዚህ ውጊያው ቦታ ያልነበረውም ሰው ድሉን በእጁ ያዘው።

እኛም የራሳችን አለን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘውን የአድዋ ድል በሥዕል ያላየ ማን አለ? ግን አንብበነዋል ወይ? ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፤ ከታች አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ። የእኛ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ጠላት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይሄ ስህተት አይደለም! ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ወግ ነው፤ ጻድቅ በሙሉ ፊት፣ ክፉ በጎን ይሳላል።

ታዲያ ዛሬ በየስልካችን ምን እናጋራለን? ማን እንዳነሳው፣ መቼ እንደተነሳ የማይታወቅ ፎቶ «አድዋ ነው» እያልን! ወገን፣ ይሄ አደጋ ነው። አንድ የሐሰት ፎቶ ከተገኘብን እውነተኛውም ይጠረጠራል። እንዲህ ያለ ድል ያለው ሕዝብ ውሸት ምን ያደርግለታል?

ሳታጣሩ አታጋሩ። መሳል የምትችሉ ደግሞ እርሳስ አንሱ፤ ስንቅ ያዘጋጀችውን እናት፣ በቅሎ የነዳውን ልጅ ጨምሩልን። እነሱም በሙሉ ፊት ይሳሉ።