የእንጨት ቅርጽ ማኅበራችንና የእጅ ሥራ ክብር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተነገረ ንግግር)



በዛሬው በዓላችን ላይ ስለ እንጨት ቅርጽ ማኅበራችን ጥቂት ቃል እንድናገር በመታዘዜ ደስታዬ ታላቅ ነው። ጊዜያችሁን እንዳላባክን አሳቤን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ማኅበራችን ምን እንደሚሠራ፤ ቀጥሎ ከሥራው ምን እንደምንማር፤ በመጨረሻም ለማኅበሩ እንቅፋት የሆነበት ነገር ምን እንደ ሆነ እናገራለሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ከቀትር በፊት መጽሐፍ፤ ከቀትር በኋላ መጋዝና መዶሻ መያዝ የተለመደ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍና መጋዝ ጠላቶች መሆናቸውን የሚነግረኝ ሰው እስካገኝ ድረስ አላውቅም ነበር።

ማኅበራችን የሚሰበሰበው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። አባሎቹ የቢቸናና የሞጣ ልጆች ነን። የሁለቱን ከተሞች ልጆች የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ስንገናኝ አስቀድመን የምንከራከረው የማን ጤፍ ይነጣል፤ የማን ገበያ ይደምቃል በማለት ነው። ግንድ የሚሠነጠቅ ጊዜ ግን አንዱ ካልያዘ ሌላው ሊመታ አይችልም፤ ክርክሩም በዚያው ይቀራል። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሄዱ ደብረ ወርቅን አልፎ ጉንደ ወይን ይገኛል። ጉንድ በግዕዝ ግንድ ማለት ስለ ሆነ፤ እኛም በቀልድ ጉንደ ወይንን የማኅበራችን ዋና ከተማ ብለናታል።

የምንሠራው ለቤት የሚያገለግለውን ዕቃ ነው፤ ይኸውም በርጩማ፤ ሙቀጫና ዘነዘና፤ ማማሰያ፤ የገበጣ መጫወቻ፤ መጽሐፍ የሚዘረጋበት አትሮንስና የእጅ መስቀል ነው። ከመሣሪያ ያለን መጥረቢያ፤ መጋዝ፤ ጥቂት መሮ፤ አንድ መላጊያና ሞረድ ነው። ለማለስለሻ ብርጭቆ ወረቀት ባጣን ጊዜ የጠርሙስ ስባሪ ይበቃናል።

አዲስ አባል በመጀመሪያ የሚማረው እንጨትን መለየት ነው። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም፤ ስለዚህ ለበርጩማና ለከበሮ ይመረጣል። ወይራ ጠንካራና ከባድ ስለ ሆነ ለመሣሪያ እጀታና ለዱላ ይሆናል፤ የቸኮለ ሰው ግን መሮውን ይሰብርበታል። ጥድ ዘመን ይሻገራል፤ ዝግባ በመጋዝ ይለዝባል። ቀጥሎ የሚማረው ትዕግሥት ነው። እርጥብ እንጨት ፀሐይ ላይ የጣለ ሰው በማግሥቱ ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። ምክንያቱም ውሃው ከግንዱ ጫፍና ጫፍ ፈጥኖ ሲወጣ መካከሉ ገና እርጥብ ስለ ሆነ፤ ጫፉ ሲኰማተር መካከሉ እንቢ ይለዋል። ስለዚህ እንጨቱን በጥላ ውስጥ አስቀምጠን ለወራት እንጠብቃለን። ይህን በክፍል ውስጥ ብንማረው ኖሮ ለፈተና አስታውሰን ከፈተና በኋላ በረሳነው ነበር።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄን ለትምህርት እንጂ እንጨት እንዲጠርብ አልላክሁም» እንደሚሉ እንሰማለን። ጭንቀታቸው በከንቱ አይደለም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በፊታችን ነው። ነገር ግን እናትና አባቶቻችን ሆይ፤ መስቀል የሚቀርጽ ልጅ ምን እንደሚያደርግ እዩልን። በኮምፓስ ክብ ይሠራል፤ ኮምፓሱንም ሳያጠብና ሳያሰፋ በክቡ ዙሪያ ቢያራምደው በትክክል ስድስት ጊዜ ይገባል። ከስድስቱ ነጥቦች አበባ ይወጣል፤ ከአበባውም ሐረግ ይስባል። ይህ ጂኦሜትሪ አይደለምን? በፊንላንድ አገር ኡኖ ሲግኔዎስ የተባለው የትምህርት ሰው ባቀረበው አሳብ የእጅ ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. በሕዝብ ትምህርት ቤቶች የግድ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል። ዓላማውም ልጆቹን ሁሉ አናጢ ለማድረግ ሳይሆን፤ እጅና አእምሮ ተባብረው እንዲያድጉ ነበር።

ከሩቅ አገርም ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም። በትግራይ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በእንጨት የተቀረጹት የእንስሳትና የአራዊት ምስሎች ከብዙ ዘመን በኋላ ዛሬም ይታያሉ። በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ተሠርቶ ይኖራል። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ያለ አንድ ምስማር ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። የኮንሶ ሰዎች ለጀግኖቻቸው መታሰቢያ ዋካ የሚባለውን የእንጨት ሐውልት ያቆማሉ። በገዛ አገራችን በጎጃምም ገበሬው የሚያርስበትን ዕቃ ብንመለከት፤ ማረሻውና ወገሉ ብረት፤ ምራኑ ጠፍር ነው እንጂ፤ ሞፈሩ፤ እርፉ፤ ድግሩና ቀንበሩ ሁሉ እንጨት ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ነገር ደረስሁ። በጠራቢው ሞፈር የታረሰውን እህል እንበላለን፤ እርሱ በቀረጸው መቋሚያ ተደግፈን እናስቀድሳለን፤ እርሱ የሠራውን መስቀል እንሳለማለን። ሠሪውን ራሱን ግን በሙያው ስም ጠርተን እንሰድበዋለን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሥራ የሚሠራን ሰው በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከ110 ዓመት በላይ አለፈ። አዋጁ ከወጣ በኋላ የተወለዱ ሰዎች አርጅተው ሞተዋል፤ ስድቡ ግን አላረጀም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ከአባሎቻችን አንዱ አባቱ በእንጨትና በብረት ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። ነገሩን የምናገረው በልጁ ፈቃድ ነው፤ ስሙን ግን አልጠራም። ከሁላችን የበለጠ እጅ ያለው እርሱ ነው። ባለፈው ዓመት በጨዋታ ሜዳ ላይ አንዳንድ ልጆች በአባቱ ሙያ ስም ጠሩት፤ የቀሩትም ሳቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከማኅበሩ ቀረ። ከዚያ በሚከተለውም ቀረ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አምስት ሆነን ወደ አባቱ ቤት ሄድን። እጅ ነሥተን፤ «አባባ፤ ሙያውን እንዲያስተምሩን ልንለምንዎ መጣን» አልናቸው። እርሳቸውም ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፤ «እኔ ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት ከዚህ ሥራ እንዲወጣልኝ ነው። እናንተ ደግሞ ከትምህርት ቤት ወጥታችሁ ወደዚህ ትመጣላችሁ?» አሉን።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ዝም ብለን ቆምን። እርሳቸውም ጥቂት ሲሠሩ ቆይተው በርጩማ አሳዩንና ተቀመጥን። ለያንዳንዳችን መሮ ሰጥተው፤ «በሉ፤ አስቀድማችሁ ሳሉት» አሉ። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ በድንጋይ ላይ መሮ ስንስል ዋልን፤ እንጨት የሚባል አልነካንም። በመጨረሻ ሁሉንም በየተራ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና አንዱን ለይተው፤ «ይኸ ደኅና ነው» አሉ። ለሌሎቻችን ምንም አላሉንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጃቸው ወደ ማኅበሩ ተመለሰ። እርሳቸውም ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ቀን እየመጡ ያስተምሩናል፤ ሲገቡም እንደ ማናቸውም መምህር ተነሥተን እንቀበላቸዋለን።

የጠየቁን ጥያቄ ግን ከአሳቤ አልወጣም። እኒህ አባት በሥራቸው ያፈሩ አይደሉም፤ ያፈረ ሰው ለአንድ መሮ ስለት ያን ያህል አይጠነቀቅም። ልጃቸው እንዲሸሽ የፈለጉት ከሰው አፍ ነው። እንግዲያውስ ለጥያቄው መልስ መስጠት የሚገባው የተሰደበው ሳይሆን፤ እንደኛ ያለው ተማሪ ነው። መልሱም በንግግር ብቻ አይሆንም። በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፤ በአንድ መሮ በየተራ ሠርቶ፤ ከአንድ ሌማት እንጀራ መቍረስ ያስፈልጋል። ኅብረት ብለን የምንጠራው ይህንን ነው።

ስለ ዛፎቻችንም ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ጐደሎ ይሆናል። በአካባቢያችን ባሕር ዛፍ በየደጁ ቆሟል፤ የአገራችን ዛፍ፤ ጥዱና ወይራው፤ በብዛት ተጠብቆ የሚገኘው ግን በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ደንቦች አሉት። አንደኛው፤ ለቅርጽ ብለን የቆመ ዛፍ አንቈርጥም፤ የምንሠራው በነፋስ በወደቀ ቅርንጫፍ፤ ከፈረሰ ቤት በወጣ እንጨትና አናጢዎች በሚሰጡን ቍራጭ ነው። ሁለተኛው፤ ማንኛውም አዲስ አባል አንድ የዋንዛ ችግኝ ተክሎ ሁለት በጋ ውሃ ሊያጠጣው ይገባል። ያ ዋንዛ ለበርጩማ ሲደርስ እኛ ያለንበት አይታወቅም። ቢሆንም፤ ዛሬ የምንቀርጸውን ግንድ የተከለውም ሰው እኛን አላወቀንም ነበር።

አሁን ልለምን የምወደው ሦስት ነገር አለኝ። የተከበራችሁ መምህራን፤ እንጨታችን ዝናብ ሳያገኘው የሚደርቅበት አንዲት ጥግ ስጡን። የጥናት ሰዓታችንን እንዳንነካባችሁ ቃል እንገባለን።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ወንዶች ልጆቻችሁን ብቻ ሳይሆን ሴቶች ልጆቻችሁንም ላኩልን። መሮ የሚፈልገው የጠነከረ ክንድ ሳይሆን የረጋ እጅ ነው፤ የረጋ እጅም ከሴቶች እኅቶቻችን ዘንድ እንዳለ በመሶብ ስፌታቸው አይተናል። ከሁሉም በላይ በየቤታችሁ፤ ልጆች በሚሰሙበት ቦታ፤ የእጅ ባለሙያን ስም በክብር ጥሩ። ልጅ በጨዋታ ሜዳ የሚናገረው በቤቱ የሰማውን ነውና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ዘንድሮ እንሰናበታለን። የምንተውላችሁ መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ዝገት እንዳይበላው በየጊዜው ዘይት ቀቡት። ቅዳሜን አታጥፉ። አዲስ አባል ሲመጣ የማን ልጅ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ አትጠይቁት፤ መሮና ድንጋይ ሰጥታችሁ እንዲስል አድርጉት። በጨዋታ ሜዳም አንድ ሰው በአባቱ ሙያ ሲጠራ ብትሰሙ አትሳቁ። የሚስቅ ሰው ካልተገኘ ተሳዳቢው ብቻውን ይቀራል።