ስፓኒሽ ወይስ ኮሪያኛ?
(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ «ንግግርሽ ከሙያ አይራቅ፣ ግን ስለ በሽታ አታውሪ» ብለውኛል። እንግዲህ ዘንድሮ እቤቴ ውስጥ የሚያከራክረንን ነገር ላንሳ። በ45 ዓመቴ አዲስ ቋንቋ ልማር ተነስቻለሁ፤ ስፓኒሽ ይሁን ኮሪያኛ?

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። አካባቢውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አናንዴል ስትገቡ የሱቁ ጽሑፍ ሁሉ ኮሪያኛ ነው፣ ትንሽ ነዳ ስታደርጉ ከኤልሳልቫዶር የመጡት ፑፑሳቸውን ይጋግራሉ፣ ከዚያ ቀጥሎ የእኛ እንጀራ ቤት። የሦስቱም አገር እናቶች እኔ ክሊኒክ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ልጄ ኮሪያኛውን ትደግፋለች። ምክንያቷ ድራማ ነው፤ አልፈርድባትም፣ እኔም አያለሁ።

ኮሪያኛ እኮ ከምናስበው በላይ ይቀርበናል። ፊደላቸውን፣ ሃንጉልን፣ ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 እ.ኤ.አ. አዘጋጅቶ በ1446 አወጀው። መሠረታዊዎቹ 24 ናቸው፤ ሀሁን ለቆጠረ ሰው የሳምንት ሥራ ነው። ግሱ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ፈረንጆቹን የሚያስጨንቋቸው ሁለት አናባቢዎች ከእኛ «ኧ» እና «እ» ብዙም አይርቁም። «መሪጋ አፓዮ» ማለት «ራሴን ያመኛል» ነው፤ «መሪ» ራስ መሆኑን ለመያዝ አማርኛ ተናጋሪ አይቸገርም። አክብሮቱማ ከእኛም ይብሳል። እኛ «አመመህ?»ን «አመመዎት?» አድርገን እንገላገላለን፤ እነሱ ለአዛውንት ሲሆን ግሱን ራሱን በሌላ ይለውጡታል። ደግሞም ቃኘው ሻለቃ አለ። በ1943 ዓ.ም. የዘመተውን ጦር የሚያስታውስ ሽማግሌ ታካሚ፣ ከየት እንደሆንኩ ሲሰማ እጄን በሁለት እጁ ሲይዘው በራሱ ቋንቋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብመልስለት እወዳለሁ።

ስፓኒሹ በበኩሉ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይላል። ታማሚው «ራሴ ታመመ» አይልም፤ ሕመሙ እሱ ላይ ነው የሚመጣው፣ ልክ እንደኛ «ያመኛል»። «ሜ ጉስታ»ም እንደ «ደስ ይለኛል» ነው። የሕክምና ቃላቱን ደግሞ ግማሹን አናቶሚ ስንሸመድድ ለምደናቸዋል።

የሚያስፈራኝም ይኸው መመሳሰሉ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ቤተሰቡ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ። በእነሱ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር ታመመበት ማለት ነው። ሐኪሞቹ ግን የእንግሊዝኛውን ቃል ሰሙና ዕፅ ወስዷል ብለው አከሙት። የነበረው የአንጎል ደም መፍሰስ ነበር። ልጁ ዳነ፣ እጅና እግሩ ግን ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ክሱም በግምት በ71 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። አስተርጓሚ የጠራ አልነበረም፤ ሁሉም የተግባባ መስሎታል። ኮሪያኛ ቢሆን ኖሮ ማንም «ገባኝ» ብሎ አይደፍርም ነበር።

ሰዓቱንም ቆጥሬዋለሁ። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚሠለጥኑበት ተቋም ለኮሪያኛ 2,200 የክፍል ሰዓት፣ ለስፓኒሽ የዚያን ሲሶ ያህል ይገምታል። ልኬቱ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፤ ለእኛ ኮሪያኛው ሳይቀል አይቀርም። ግን ከዲዩቲ፣ ከልጆችና ከለቅሶ የሚተርፈኝ በሳምንት አራት ሰዓት ነው። በዚህ ሒሳብ ኮሪያኛው ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል፣ ስፓኒሹ ሦስት ዓመት ተኩል። የኮሪያ እናቶች አብዛኛውን ጊዜ የደረሰች ሴት ልጅ ይዘው ይመጣሉ። ከኤልሳልቫዶር የመጣችው እናት ግን ስንት ጊዜ የ11 ዓመት ልጇን አጠገቧ አቁማ አይቻታለሁ! ልጁ የእናቱን የወር አበባ ጉዳይ ሊያስተረጉም ይመጣል፣ እሷም ለልጇ የማይነገረውን ሳትናገር ትሄዳለች። የእኛም እናቶች እንደዚሁ ናቸው፣ አንካካድ።

ስለዚህ ስፓኒሽ መርጫለሁ። ልጄ አኩርፋለች። የቋንቋ ፈተናውን እስካልፍ ድረስ አስተርጓሚው ስልኩ ላይ ይቆያል። ሰላምታው፣ «በረጅሙ ይተንፍሱ»ው፣ ልጁን «አንተ ውጭ ጠብቅ» ማለቱ የእኔ ነው፤ ሂስትሪ መውሰዱ፣ ስምምነት ማስፈረሙና መርዶው ግን በአስተርጓሚ።

አንድ ነገር ብቻ አልሆን ብሎኛል፣ «ር» ማጥበቅና ማላላቱ። የሚላላው «ፔሮ» «ግን» ነው፣ የሚጠብቀው ውሻ። «በረረ» እያልኩ ያደግሁት ሴትዮ ይህ እንዴት እንደሚያቅተኝ አይገባኝም። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ፣ ኩባ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችን ልጆች ተምረዋል። ከእነሱ አንዱ፣ ታላቃችን፣ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየሳቁብኝ ነው። ጋሼ፣ ለአዘጋጆቹ ነግሬአለሁ፤ እራት ላይ ወንበርዎ ከእኔ አጠገብ ነው።