ዝቅተኛ ኪራይና የቤት እድሳት



በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራያቸውም ተቀነሰ፤ ይህም ለድኻው ታላቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም ከዚያ አነስተኛ ገቢ ለእድሳት የሚተርፈው እምብዛም ነበር። ተከራዩም በራሱ ወጪ እንዳያድስ፣ ቤቱ የእርሱ አልነበረም።

የአዲስ አበባ የጭቃ ቤት ግን ችላ ሲሉት አይታገሥም። ከቆርቆሮው የሚወርደው የክረምት ውኃ ልስኑን ያጥባል፤ የቋሚውን እግር ያበሰብሳል። በጊዜው አሸንዳ ቢሰቀልለት፣ የበሰበሰውም እንጨት ቢለወጥለት፣ ቤቱ ለማፍረስ ባልደረሰ፣ ጎረቤትም ባልተበተነ ነበር።

ስለዚህ ኪራይ ሲተመን የእድሳቱ ወጪና ኀላፊው አብረው ይወሰኑ። ፍትሕ በኪራይ ደረሰኝ ላይ ብቻ ሳይሆን በጣራውም ሥር ሊታይ ይገባል።