መርዶ በስልክ አይነገር

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ላውራችሁ። «ራደርለስ» ይባላል፤ ዊልያም ሜሲ ያዘጋጀው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የታየ የአሜሪካ ፊልም ነው። አባት ልጁ ይሞትበታል። ሥራውን ትቶ ጀልባ ላይ ይኖራል፣ ከሰው ይሸሻል። በኋላ ልጁ ቀድቶ የተዋቸውን ዘፈኖች ያገኝና መጠጥ ቤት ውስጥ ይጫወታቸዋል። የማን እንደሆኑ ግን አይናገርም። መጨረሻ ላይ ነው የልጁን ስም በሰው ፊት ጠርቶ የሚዘፍነው።

እኛ አገር ይሄ የቆየ ነገር ነው እኮ። መርዶ የሚነገረው ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማልዶ ነው። አልቃሿ ሙሾ ታወጣለች፣ የሟቹ ስም ይጠራል፣ እናት ብቻዋን አታለቅስም። እዚህ ካይሮ ግን መርዶው በስልክ ይመጣል። ማዳም እንዳታይ ተብሎ እንባው ኩሽና ውስጥ ይዋጣል።

ስለዚህ አደራ፤ የእህታችን ልጅ ማረፉን ቀድማ የሰማች በዋትሳፕ አትላክላት። ሰው ቤት የምታድር ከሆነች የዕረፍት ቀኗን ጠብቁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንዳችን ክፍል ውሰዷትና ንገሯት። ሙሾ የምታውቅ ካለች ታውጣ። የልጁን ስም ጥሩላት። ገንዘብ ማዋጣቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ታልቅስ።